ስሟን ደብቄ ቤቱን ያሳየሁበት ድርሰት

አቡ ዳቢ፣ አል ዋሕዳ በምኖርበት ሕንፃ ሥር የብረት በር ሲሚንቶውን እየፋቀ ሲከፈት በሰማሁ ቁጥር፣ አል ዓይን ከተማ፣ ዛኸር ሰፈር ያደግሁበት ግቢ በር ትዝ ይለኛል። እስከ ግማሽ እስኪከፈት ጮኾ ዝም ይል ነበር፤ አባቴ ዘይት ቢቀባውም አልሰማ ብሎት ነበር።

አንድ በጋ፣ የቧንቧው ውሃ ሳይቀር በሚያቃጥልበት ወቅት፣ የእናቴ የአገር ልጅ፣ እትዬ ፀሐይ ብዬ ልጥራት፣ በቤት ሠራተኝነት ከምታገለግልበት ከማዳሟ ቤት ጠፍታ መጥታ ከኩሽናችን ጀርባ ባለችው የዕቃ ክፍል ተደበቀች። ፓስፖርቷ ማዳሟ ጋ ቀርቶ ነበር። ቀን ከክፍሏ አትወጣም ነበር፤ እኔ ገብቼ ከጉልበቷ ሥር ስቀመጥ ፀጉሬን እየሠራች ታጫውተኝ ነበር። እናቴ «ስሟን ከአፍሽ እንዳልሰማ» ብላኝ ነበር፤ ቃሌን ጠበቅሁ።

ሙቀቱ በረድ ሲል አስተማሪያችን የምናውቀውን ቦታ ይዘን ልብ ወለድ እንድንጽፍ አዘዘችን። ስለተደበቀች ንግሥት ጻፍኩ፣ ስሟን ሣራ አልኩት፣ ማዳሟን ጠንቋይ አደረግሁ፤ የበሩን ጩኸትና ቀለሙን፣ ጎረቤታችን የነበረውን ላውንድሪ፣ መስኮት የሌላትን ክፍል ግን እንዳሉ ወሰድኩ። አባቴ ውጤቴን አይቶ፣ ድርሰቱን ሳያነብ፣ ፈላጅ ሃዛ ሰፈር በአንድ ቤተሰብ ሳሎን በምናደርገው የጸሎት ኅብረት በአማርኛ እንዳቀርበው አስነሳኝ። ሰዉ በጠንቋይዋ ሳቀ። ቤታችን ትመላለስ የነበረች አንዲት ሴትም እየሳቀች ወደ እናቴ ዞረች፦ «ይሄ የእናንተ በር አይደል እንዴ? ንግሥቲቱንስ መቼ ነው የምታሳዩን?»

እናቴ ቤት እንደደረስን የሆነውን ለእትዬ ፀሐይ ነገረቻት። እሷም ልብሷን በፌስታል ሰብስባ ወጣች። ተከትያት በሩ ድረስ ሄድኩ። «ስሜንማ ደብቀሽልኛል» አለችኝ ሳታየኝ፤ «ቤቱን ነው ያሳየሽብኝ።»

ተይዛለች የሚሉ ነበሩ፣ አገሯ ገብታለች የሚሉም ነበሩ፤ አንዱንም ማረጋገጥ አልቻልኩም። እናቴ ቀዝቃዛዎቹን ወራት ሙሉ አኩርፋኝ ከረመች፤ እስክሪብቶ ይዤ ባየችኝ ቁጥር «ደግሞ የማንን ቤት ነው?» ትለኝ ነበር።

ዛሬ ጋዜጠኛ ነኝ፤ በዜና ቦታን በትክክል መጥቀስ ግዴታዬ ነው። በዕረፍቴ ቀን በምጽፋቸው ልብ ወለዶች ግን ሰዎቼ የሚኖሩበት ሰፈር አይታወቅም፣ አንባቢዎቼም ይኼን ይነቅፉብኛል። ያንን ግቢ እዚህ የጠቀስኩት መፍረሱን ሄጄ በዓይኔ ካረጋገጥሁ በኋላ ነው። የበሩን ቀለም ግን አሁንም አልጻፍኩም።