እሁድ ጠዋት የምትነሳዋ ቮልስ

ከአዳማ የወጣሁበትን ምሽት ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እንባዬ አይደለም፤ የሞጆ ኬላ ፖሊስ ነው። ሻንጣዬን አቅፌ ከኋላ ወንበር እቁነጠነጣለሁ፤ አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሊሄድ ነው። አባዬ ደግሞ የፍጥነት መንገዱን ትቶ በአሮጌው መንገድ ይዞን ወጥቷል፤ እሷ መጣደፍ አትወድም ይላል። እሷ የሚላት ቮልሱን ነው። ኬላው ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ በባትሪ ወደ ውስጥ ሲያበራ የአባዬን ሰው ሠራሽ እግር አየና ፊቱ ተለወጠ።

"አባት፣ በአንድ እግር ነው እንዴ የሚነዱት?"

"አንዱን መንግሥት ወስዶታል፤ ቢሮ ስትገባ ጠይቅልኝ" አለው አባዬ መሪውን ሳይለቅ።

አለቃ ተጠራ። አለቃው መጥቶ አባዬ በግራ እጁ የሚስባትን ብረት ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ፣ የገዛ መኪናው ማርሽ አልገባ እያለ እንዳስቸገረው ማማከር ጀመረ። አባዬም ረጋ ብሎ ያስረዳዋል። እኔ ልፈነዳ ነው! ደግነቱ እማዬ ከፊት ወንበር ሆና "ልጄ በረራ አላት እኮ" ብላ ገላገለችኝ።

ስለ ብረቷ ልንገራችሁ። አባዬ በወጣትነቱ ሰሜን ግንባር የጦር ካሚዮን ሾፌር ነበር። ካሚዮኑ ፈንጂ ረገጠ፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች እዚያው ቀረ። እሱ ግን ካሚዮኑን አንድም ቀን አምቶት አያውቅም፣ "ካሚዮኑ ፈንጂውን ባይችለው ኖሮ እናንተ የት ትወለዱ ነበር?" ይለናል። እግር ከሌለ ደግሞ ፍሪሲዮን የሚረግጥ የለም። ስለዚህ አዳማ ያለ አንድ በያጅ ከፔዳሉ ጋር ብረት በየደለትና በእጁ እየሳበ መንዳት ጀመረ። በሳባት ቁጥር ቀጭ ትላለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ቢኒያም ያደግነው በዚያች ቀጭታ ነው። ለበዓል ሶደሬ ስንወርድ፣ ከመቂ ቲማቲም በሣጥን ጭነን ስንመለስ፣ ሁልጊዜ ያው ነው። እማዬ ገብታ ቀሚሷን ካልሰበሰበች ሞተር አያስነሳም፤ ቁልፉንም ለማንም አይሰጥም። ቢኒ መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ እንኳ የሚፈቀድለት ማጠብ ብቻ ነበር።

ጀርመን የመጣሁት አረጋውያን መንከባከብ ልማር ነው። ብርዱን ተዉት፣ ቲማቲሙ ነው ያበሸቀኝ፤ መልኩ ሲያምር ታዩታላችሁ፣ ስትቀምሱት ውሃ ነው። ሰዉም "ሃሎ" ይላችሁና አለቀ፤ እንዴት አደርሽ፣ እናትሽ ደህና ናት ወይ ብሎ ነገር የለም። እሁድ ሲመጣ ግን እድናለሁ። አባዬ ይደውልና ስልኩን መሪው አጠገብ ያስቀምጣል። በስመ አብ ይላል፣ ብረቷን ይስባል፣ ቀጭ፣ ከዚያ ቮልስ ጓ ጓ እያለች ትነሳለች። "ይኸው፣ ሁላችንም ደህና ነን" ይለኛል። እኔ ድምፁን ከፍ አድርጌ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ እሰማለሁ።

ታች የምትኖረው አከራዬ አሮጊት ናት። አንድ እሁድ በር አንኳኩታ፣ ዛሬ ሩሄታግ ነው፣ የፀጥታ ቀን፣ አለችኝ። ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሳት በውሉ ክልክል ነው። ሞተሩ አዳማ ነው ብላት ባታምነኝ አልጋ ሥር ገብታ ፈተሸች። እውነቴን ነው፣ ተንበርክካ ፈተሸች!

በመጨረሻው ዓመት፣ ፈተናዬ ሲቃረብ፣ እሁድ ዝም አለ። ስደውል እማዬ ነች የምታነሳው። አባትሽ ሶደሬ ፍል ውሃ ሊታጠብ ሄዷል አለችኝ። በሳምንቱ ደግሞ መቂ የጓደኛው ልቅሶ ላይ ነው። የእሱ ስልክ ተዘግቷል፤ ቢኒም ሲያወራኝ ይቸኩላል። ውጭ ላለ ሰው መርዶ በስልክ እንደማይነገር እናንተም ታውቃላችሁ። የአገር ሰው ተፈልጎ፣ በማለዳ በር ተንኳክቶ ነው። ስለዚህ በር መፍራት ጀመርኩ። ማለዳ ደረጃ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ብርድ ልብሱን ጆሮዬ ላይ እስባለሁ።

በሦስተኛው እሁድ በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አከራዬ ብቻዋን ቆማለች።

"ሞተሩን ካልሰማሁ ሰነበትኩ" አለች። "ተበላሸ እንዴ?"

ስልኬን አነሳሁ። ለእማዬ፣ አባዬን ካላገናኘሽኝ ፈተና አልቀመጥም፣ ትኬት ቆርጬ እመጣለሁ አልኳት። ከኋላዋ ሹክሹክታ ሰማሁ። "ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፤ መኪናው ውስጥ ነው፣ በይ ስሚው" አለችኝ። ስልኩ ወደ ግቢ ሲወጣ፣ የቮልስ በር ሲዘጋ ይሰማኛል።

ሞተሩ ተነሳ።

በስመ አብ የለም፤ እሺ፣ ድምፁ ተዘግቷል እንበል። ቀጭም የለም። ብረት ጉንፋን አይዘውም።

"ሰማሽው አይደል? አባትሽ ነው" አለች እማዬ። ለእኔ ፈተና ብለው ለቅሷቸውን አፍነው፣ ለቀስተኛ እየሸኙ፣ ከእኔ ጋር ሲስቁ እንደሰነበቱ ያኔ ገባኝ። ልጮህባት ነበር፤ አንጀቴ እንቢ አለኝ።

"ቢኒ" አልኩ።

ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ።

"ቢኒ፣ ብረቷን ረሳሃት።"

ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ብረቷ ቀጭ አለች። ቢኒ እዚያው መሪው ላይ እንደተደፋ ለቅሶውን ለቀቀው፤ እማዬም ያፈነችውን ሁሉ አንድ ላይ ጮኸችው፤ ጎረቤቶች ሲሮጡ፣ እጇን ያዟት፣ ደግፏት ሲባል እሰማለሁ። ለእኔ ግን ደግፏት የሚል አልነበረም። ወለሉ ላይ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ።

አከራዬ ከበሩ አልሄደችም ነበር። ገባችና ከጎኔ ተንበርክካ፣ ሞተሩ ተሠራ ወይ አለችኝ። በእሷ ቋንቋ ምን ብዬ እንደምነግራት ጠፋኝ፤ ስልኩን ብቻ ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት።