አልጋ ወራሽ ኮት ገዛ

ሰፈሩ ያወጣለት ስም አልጋ ወራሽ ነው። አልጋውንማ እስከ ዛሬ ማንም አልሰጠውም፤ የሚወርሰው ቁም ሳጥኑን ነው።

ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። መዝገቡን በብብቱ፣ የእጅ ባትሪውን በኪሱ ይዞ በየግቢው ይገባል፤ የብረት ክዳን ያነሳል፤ ተንበርክኮ ቁጥር ይጽፋል፤ ይወጣል። ሰባት መቶ አርባ ቤት ያውቃል። ማን እንደተጣላ፣ ማን እንደታረቀ፣ ማን አልጋ እንደያዘ ከማንም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ቁመቱ መካከለኛ፣ ትከሻው መካከለኛ፣ ሆዱ ገና ያልወሰነ ነው። ይህ ቁመና ለፎቶ አይሆንም፤ ለውርስ ግን ከዚህ የተሻለ አልተፈጠረም።

ነገሩ የጀመረው በሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሹም አንድ ጠዋት እየፈረመ ሳለ ልቡ ቆመ። ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ሚስትየው ሦስት ሙሉ ልብስ በአንሶላ ጠቅልላ ቢሮ መጣች። ወንዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና "አንተ፣ ና" አለችው። ኮቱን ስታለብሰው ልክ ሆነ። ሴትየዋ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ እያለቀሰ ግን በግራ እጁ ገበሩን ይዳስስ ነበር። ጥሩ ሱፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዳኛ፣ ሾፌር፣ መምህር በየተራ እየሞቱ አለበሱት፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከሱቅ የገዛው ካልሲና የውስጥ ሱሪ ብቻ ነው። እነሱንም የሚገዛው "ሰው እስኪሞት የማይጠበቅ ነገር አለ" ብሎ ነው።

ስስታም እንዳይመስላችሁ። ሻይ ቤት ከተገባ ከፋዩ እሱ ነው። ሁለት ሴት ልጆቹ ሰፈር ውስጥ አለ የተባለ ጫማ ነው ያደረጉት። ለራሱ ልብስ ሲባል ግን እጁ ይታሰራል። ለምን ብሎ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው።

"ሱቅ ያለ ልብስ ያልተፈተነ ነው። የሟች ልብስ ከባለቤቱ በላይ ኖሮ ያሳየ ነው። አንተ የትኛውን ታምናለህ?"

ባልቴቶቹ ይወዱታል። ልብስ አያያዝ ያውቃል፤ ደግሞም የአንድን ቤት ቆጣሪ ሊያነብ ሲሄድ የዚያን ቤት ልብስ ለብሶ ነው። ወግ ነው ይላል። የዳኛውን ኮት የወረሰ ጊዜ የዳኛው ውሻ ሰባት ወር ከኋላው አልለይ አለው፤ ሥራ ቦታ ድረስ። በኪስ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ለባለቤቶቹ ይመልሳል፤ መነጽር፣ የመድኃኒት ፍሬ፣ የጥርስ ሳሙና የተገዛበት ደረሰኝ። ያልመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሾፌሩ ጃኬት የውስጥ ኪስ ያገኘው ደብዳቤ ለሚስትየው የተጻፈ አልነበረም፤ ቀደደና የራሷ የሚስትየው ቆጣሪ ጉድጓድ ውስጥ ጨመረው።

የእሱ ሚስት አስተማሪ ናት፤ አርባ ተማሪ በዓይኗ ብቻ የምታስቀምጥ። መጀመሪያ መጀመሪያ "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ትለው ነበር። ኋላ ተስፋ ቆረጠችና ለጎረቤት ማውራት ጀመረች።

"ቁርስ የምበላው ከሒሳብ ሹሙ ጋር ነው። ማታ ፒጃማው የዳኛው ስለሆነ ከዳኛው ጋር እተኛለሁ። ከባሌ ጋር የምገናኘው ገላውን ሲታጠብ ብቻ ነው።"

ከሁሉ በላይ የሚያሾፍበት ግን ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ከእሱ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ናቸው፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ አንድ ቀን ተባረዋል። ዛሬም በየሁለት ቅዳሜው ፀጉሩን እየቆረጠው ሬሳ ሬሳ ሸተትከኝ ይለዋል፤ ከዚያ ዳማ ይጫወታሉ፤ ከዚያ ይጣላሉ።

በዚህ ዓመት ፀጉር አስተካካዩ ታመመ። መጀመሪያ ጎኑን ወጋው፤ ቀጥሎ ዓይኑ ብጫ ሆነ። ሐኪሞቹ የሐሞት ጠጠር ነው፣ ኀሙስ ኦፕራሲዮን ትሆናለህ አሉት። ሰውየው ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ መቀስና ምላጭ ይዞ የኖረ ቢሆንም በራሱ ላይ ስለት ሲነሳ ይህ የመጀመሪያው ነው። ፈርቷል።

አልጋ ወራሽ ቅዳሜ ዕለት ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው ሄደ። አወሩ። ታማሚው ዓይኑን ሲከድን እንቅልፍ የወሰደው መሰለው። በሩ ጀርባ ላይ የፀጉር አስተካካዩ ካፖርት ተሰቅሏል፤ መርከብ ላይ የሚሠራ ወንድሙ የላከለት፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍራም። አልጋ ወራሽ ወደ ካፖርቱ ሲሄድ እግሩ አላማከረውም። ጫፉን ገለበጠ። ገበሩን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገ። እጅጌውን ስቦ በራሱ ክንድ ላይ ዘረጋው።

"ይበቃሃል?" አለ ከአልጋው የመጣ ድምፅ።

"እንዴ፣ የተኛህ መስሎኝ።"

"የሞትኩ መስሎህ ነው።"

"ኧረ ዝም ብዬ ነው።"

"አዎ፣ ሁልጊዜም ዝም ብለህ ነው። ጮኸህ የወረስከው የለም።" ፀጉር አስተካካዩ ሚስቱን ጠራ። "ይህን ሰውዬ አስወጪልኝ። ካፖርቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊበት። ቁልፉን ትራሴ ሥር አድርጊው።"

በማግሥቱ እሑድ ሲሄድ ሚስትየው በሩን በግማሽ ከፍታ ቆመች።

"እንዳላስገባህ ተነግሮኛል፣ ወንድሜ። ብርቱካኑን ግን መቀበል እችላለሁ።"

"እኔ ካፖርቱን አልፈልግም በይው።"

ገብታ ነገረችው። መልሱ በመስኮቱ መጣ።

"ያልፈለገ ሰው እጅጌ አይለካም በይው።"

"እኔ እዚሁ ነኝ፣ ለእኔ ንገረኝ" አለ አልጋ ወራሽ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ። "ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ እጄ እንጂ ልቤ አይደለም።"

"ልብህንማ ያለበሰህ ሟች ያውቀዋል።"

"ምን ባደርግ ታምነኛለህ?"

"ከሱቅ ኮት ገዝተህ፣ ለብሰህ፣ ደረሰኙን ይዘህ ና። ያን ጊዜ የእኔን እየጠበቅክ እንዳልሆነ አምናለሁ። ካልሆነ ኀሙስ ዓይንህን ሳላይ እገባለሁ። ብወጣም ሌላ ፀጉር ቆራጭ ፈልግ።"

ሰኞና ማክሰኞ አልጋ ወራሽ ሲሠራ አልዋለም፤ ሲሳሳት ዋለ። አንዲት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት በወር የሆቴል ያህል ውሃ እንደተጠቀመች ጻፈባት። ማክሰኞ እራት ላይ ለሚስቱ ነገራት።

"ታዲያ ምን ይጠበቃል?" አለች። "ግዛ።"

"ገዝቼ ባይነሳስ?"

"ባይነሳ ኮት ገዛህ። ቢነሳም ኮት ገዛህ።"

"ነገሩ ኮቱ አይደለም" አለ፤ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። "ሐኪሞቹ ሲያስተኙት፣ ያ ሰው እስክሞት እየጠበቀ ነው ብሎ ሊተኛ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው ሰው።"

ሚስቱ ከቁም ሳጥኑ ሥር ለልጆቹ ምዝገባ ያስቀመጠችውን ገንዘብ አውጥታ ሳህኑ አጠገብ አኖረችለት።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ የቆጣሪ መዝገቡን እንደያዘ፣ ጨርቄን ማቄን ሳይል ሱቅ ገባ። ኮት ለብሰው የቆሙት የፕላስቲክ ሰዎች ራስ የላቸውም። ነፍስ ይማር ሊል ቃጥቶት ነበር። ሻጯ አንገቷ ላይ ሜትር ያጠለቀች፣ ፊቷ የማይደነግጥ ሴት ናት።

"ቁጥርዎ ስንት ነው፣ ጋሼ?"

"ትከሻዬ የሒሳብ ሹሙ ነው። ወገቤ የሾፌሩ ነበር፤ አሁን ወደ ዳኛው ሄዷል።"

ሻጯ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። ለካችው። "ሃምሳ።"

በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሃምሳ መሆኑን አወቀ።

አንድ ግራጫ ኮት አወረደችለት። አገላበጠው፤ አሸተተው፤ የእንጨትና የካርቶን ሽታ እንጂ የሰው ሽታ የለውም።

"የማን ነበር?"

"የማንም አልነበረም።"

"የማንም ካልነበረ ጥሩነቱ በምን ይታወቃል?"

"ይልበሱትና እርስዎ ይወቁት።"

ለበሰው። ከልማድ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ እጁ ከጨርቁ ጋር ተጋጨ።

"ኪስ የለውም እኮ።"

"አለው። አዲስ ስለሆነ አፉ የተሰፋ ነው። ቤት ሲደርሱ ይተረትሩታል።"

አፉ የተሰፋ ኪስ አይቶ አያውቅም። ዋጋውን ስትነግረው ደግሞ የእሱም አፍ ተሰፋ። የወር ደሞዙ ግማሽ ነው። ቅናሽ ጠየቀ፤ ዋጋው ቁርጥ ነው ተባለ። ሟቾች ተከራክረውት አያውቁም። ከፈለ። ሻጯ ለብሶት የመጣውን ኮት በከረጢት ልትጠቀጥቅ ስትል እጇን ያዘ።

"በክብር አጣጥፊው፣ እህቴ። የመምህሩ ነው።"

መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ኮቱን አይቶ ያው ጥያቄ ጠየቀው።

"ደግሞ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ገዝቼው ነው።"

ዳቦ ጋጋሪው አላመነም። ነፍስ ይማር ብሎ አለፈ።

ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሲደርስ ሚስትየው በሩን ሙሉ ለሙሉ ከፈተች። ታማሚው ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ብጫነቱ ብሶበታል። ኮቱን አላየም። እጁን ዘርጋ አደረገ።

"ደረሰኙን።"

ተቀበለው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ቀኑን አነበበ፣ ዋጋውን አነበበ፤ ሳቀና ጎኑን ያዘ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበ።

"ካልተለበሰ በሰባት ቀን ውስጥ ይመለሳል ይላል።"

"እና?"

"እናማ አርብ ልትመልሰው ነው። እኔ ኀሙስ ሞቼ አንተ አርብ ገንዘብህን ትቆጥራለህ።"

አልጋ ወራሽ ይህን በእውነት አላሰበውም ነበር። አሁን ሲያስበው ግን መጥፎ ሐሳብ አልነበረም፤ ይህም ፊቱ ላይ ታየ። ፀጉር አስተካካዩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያንን ፊት ሲላጭ ኖሯል፤ አላመለጠውም።

"ምላጬን አምጪልኝ" አለ ለሚስቱ።

"በዚህ እጅህ?" አለች። እጁ ይንቀጠቀጣል።

"አምጪ አልኩሽ።"

አልጋ ወራሽ ቀርቦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ኮቱን አላወለቀም። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ዘረጋ። ጨርቁን ሲነካ እጁ መንቀጥቀጡን አቆመ። የቀኙን ኪስ ስፌት በአንድ ትንፋሽ ተረተረ፤ የግራውን አስከተለ። ቀጥሎ ከአንገቱ ጀርባ ቁጥር የተጻፈበትን ጨርቅ ነቅሎ አወጣ፤ ዋጋ የተንጠለጠለበትን ክር በጠሰ። ደረሰኙንም ለአራት ቀዶ ከብርቱካን ልጣጩ ጋር ሳህን ላይ ጣለው።

"በል አሁን መልሰው።"

"ጨካኝ ነህ" አለ አልጋ ወራሽ።

"ትከሻው ላይ ጨምድዶሃል። ተበልተሃል። ዳማውን አምጣና ተቀመጥ።"

ሁለት ዙር ተጫወቱ። ሁለቱንም ታማሚው አሸነፈ፤ በሁለተኛው ሊጣሉ ነበር።

ኀሙስ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ቁም ሳጥኑን ራሱ ከፍቶ ካፖርቱን አወጣና ለብሶ ወደ ሆስፒታል ሄደ። አልጋ ወራሽ ከሚስትየው ጋር ከኋላ ተከተለ። ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ነርሷ ልብሱን አስወልቃ ነጭ ነገር አለበሰችው፤ ከኋላው የሚታሰር፣ ምንም የማይሸፍን። ልብሱን በአንድ ክንዷ ታቅፋ ኮሪደሩን ቃኘች።

"ከቤተሰብ ማን ይረከበኛል?"

ሚስቱ እጇን ልትዘረጋ ስትል ታማሚው ከተሽከርካሪው አልጋ ላይ አገጩን ወደ አልጋ ወራሽ ቀሰረ።

"ለእሱ ስጪው። ሙያው ነው።"

ነርሷ አስታቀፈችው። አንድ ካፖርት፣ አንድ ሱሪ፣ አንድ ሸሚዝ፣ ካልሲ ጫማው ውስጥ ተጎስሮ። የሰውየው ሙቀት ገና ልብሱ ላይ አለ። አልጋ ወራሽ እስከ ዛሬ ሙቅ ልብስ ተቀብሎ አያውቅም፤ የት እንደሚይዘው ጠፋው። በሩ ተዘጋ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ኮሪደሩ መስኮቱ አይዘጋም፤ ነፋስ ይገባል። አዲሱ ኮት ስስ ነው፤ ይህን ሻጯ አልነገረችውም። ካፖርቱን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ ሁለት እጁን ከላይ አድርጎ፣ እንደ ተፈታኝ ተማሪ ተቀመጠ። ጣቶቹ ገበሩ ላይ ሲደርሱ ሰበሰባቸው።

"ደርበው እንጂ" አለች ሚስትየው። "ከንፈርህ ጠቁሯል።"

"ደህና ነኝ።"

"እኔ ነኝ ያልኩህ። እሱ አያይህም።"

"ለዚህ ነው የማልደርበው።"

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሐኪሙ ወጣ። ጠጠሮቹ አራት ነበሩ፤ ትልቁ የባቄላ ያህላል፤ ሰውየው ደህና ነው። ሚስትየው ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አልጋ ወራሽ ቆሞ ቀረ፤ ካፖርቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ጫማዎቹን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ።

ማምሻውን አልጋ ወራሽን አስገቡት። ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑ በግማሽ ተከፍቷል፤ ምላሱ ከብዶታል።

"ልብሴስ?"

"ይኸው።"

"ለበስከው?"

"አልለበስኩም።"

ታማሚው የጓደኛውን የጠቆረ ከንፈር አየ፤ ስሱን ግራጫ ኮት አየ።

"ብርድ አልነበረም?"

"ነበር እንጂ።"

"ጅል" አለውና መልሶ ተኛ።