ሁለት ጣት ዝቅ ያለ ትከሻ

እጄ መቀስ አልጨብጥ ያለኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ በነበረው የልብስ ሰፊዎች ማህበር ውስጥ ቆራጭ ነበርኩ። ያን ጊዜ እንደ ድሮው ሱፍና የሙሽራ ቀሚስ መስፋት ቀርቶ ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ካኪ ነው። አንድ ልጅ እግር የቀበሌ ጥበቃ መጣና ለካሁት። ጠመንጃ ሲያንጠለጥል ስለሚውል ነው መሰለኝ፣ አንደኛው ትከሻው ዘንበል ብሏል። ልኩን ጻፍኩ፣ ጨርቁን ዘረጋሁ፣ በሳሙና ቁራጭ አሰመርኩ፣ መቀሱን አነሳሁ። ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ።

ደንዝዞ ነው ብዬ አሸሁት። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ማንኪያ ይይዛል፣ የበር እጀታ ይይዛል፣ መቀስ ሲሆን ድርቅ ይላል። የማህበሩ ሊቀመንበር ሦስት ቀን ዝም ብሎ አየኝና በአራተኛው ጥግ ጠርቶ፣ ሰው አሻጥር ነው ሳይል በፊት ታከሚ አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ሁላችንም ፈሪ ነበርን፣ እሱን ብቻ ምን አስወቀሰው።

ሐኪሙ እጄን አገላበጠ፣ ራጅ አስነሳኝ፣ አጥንትሽም ጅማትሽም ደህና ነው አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰው ሞቶብሽ ያውቃል ወይ ሲል ጠየቀኝ። ያ ጥያቄ በዚያ ዘመን መልስ አልነበረውም። የለም አልኩት። ትንሽ አየኝና ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል፣ ሥዕል።

ጉድ በል ጎንደር አልኩ በሆዴ። እጄን አመመኝ ብዬ ብሄድ ሥዕል ሳዪ ይሉኛል። ደግሞ እኔን። ተማሪ ሳለሁ የሳልኳትን ላም አስተማሪያችን አንስታ ለክፍሉ እያሳየች፣ ይህቺ ጠረጴዛ ቀንድ ማን አበቀለባት ብላ አስቃብኛለች። እግዜር ተሰጥኦ ሲያድል እኔ ሌላ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ሆኖም ሊቀመንበሩ የሐኪም ወረቀት ይጠብቃል፤ ሄድኩ።

ክፍሉ ድሮ የአንሶላ መጋዘን ነበር። አራት አምስት ሕመምተኞች ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም ማንንም አያይም። የሚያስተምሩት በዕድሜ የገፉ የሥዕል መምህር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ በነፃ ነው የሚመጡት። ቀለም የተባለ ቀይ ብቻ ነው፣ ያውም ለመፈክር ጽሑፍ ተገዝቶ የተረፈ። ቀዩን እንዳልነካ በልቤ ምዬ ከሰል አነሳሁ። ልብስ ሰፊ ነኝና የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ሰጡኝ፤ እኛ ሱቅም የልብስ ቅድ የምናወጣው በሱ ነው። ሦስት ረቡዕ ሙሉ መስመር ብቻ አሰመርኩ። ቀጥ ያለ መስመር፣ ከዳር እስከ ዳር። ሽማግሌው ከኋላዬ ቆም ይሉና ምንም ሳይሉኝ ያልፋሉ። ዝምታቸው አናደደኝ። በአራተኛው ረቡዕ፣ ምን አባቴ ልሳል ታዲያ አልኳቸው፤ ለትልቅ ሰው የማይባል ነገር። እሳቸውም ሳይቆጡ፣ ሥዕሉ ቢኖርሽ ደስ የሚልሽ ሰው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ።

ይኼ ጥያቄ ባይመጣብኝ ይሻለኝ ነበር።

ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ አራት ኪሎ ተማሪ። የቤት ለቤት አሰሳው ሊጀመር ነው ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ወረቀት ያቃጥል ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ጠዋት እኔም መጻሕፍቱን አቃጠልኩ። ከዚያ ፎቶግራፎቹን አወጣሁ። አንዱ ላይ ከሚፈለጉ ሁለት ልጆች ጋር ቆሟል፤ እሱን እሳት ውስጥ ጣልኩ። አንዱን ብቻ ጥዬ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ፍርሃት አንዴ ከያዘህ እጅህ የራስህ አይደለም፤ ፊቱ ያለበትን ሁሉ አንድ በአንድ ከሰሉ ላይ ጨመርኩት። እናቴ ስትመለስ የፎቶግራፉን ሳጥን ባዶ አየችው። ክፍለ ሀገር ለአክስቴ ልኬዋለሁ፣ አገር ሲረጋጋ ይመጣል አልኳት። መረቀችኝ።

ፎቶግራፉን ማቃጠሌ አላዳነውም። በሦስተኛው ሳምንት ከመንገድ ወሰዱት። ምሳ ዕቃ ይዤ እመላለስ ነበር፤ ብርድ ነው እየተባለ ልብሱንም በየተራ አስገባሁለት፣ የሰፋሁለትን ኮት ሳይቀር። አንድ ቀን በረኛው ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰልኝና ከነገ ጀምሮ አታምጪ አለኝ። በቃ፣ መርዶ ማለት ያ ነበር። ልቅሶ መቀመጥ አይቻልም፤ ለአብዮት ጠላት አይለቀስም። ጎረቤታችን የቀበሌ የሴቶች ማህበር ሰው ናት፣ ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። ሆድ ይፍጀው ብለን ተቀመጥን።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። በሷ አገር ሰው በሩቅ ሞቶ ሬሳው ካልመጣ፣ ልብሱን መሬት ላይ አንጥፈው በሱ ላይ ያለቅሱለታል። እኛ ልብሱም የለንም። ስለዚህ እናቴ ተስፋዋን በፎቶግራፉ ላይ ጣለች። በየበዓሉ ያቺ ሴትዮ አልላከችም ወይ ትለኛለች፤ አክስቴን ማለቷ ነው። አንድ ቀን፣ ያንን ፎቶ ይዤ ዕንባዬን ካላወጣሁ ሞቼ እንኳ አላርፍም አለችኝ። በቅርብ ይመጣል አልኳት። አራት ዓመት ሙሉ በቅርብ ይመጣል አልኳት።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም። ወንድሜን ይሳሉልኝ፣ እኔ መልኩን እነግርዎታለሁ ብቻ አልኳቸው። ለመንኳቸው። እርሳስ ቀርጸው አጠገቤ ቁጭ አሉና ዓይኑ እንዴት ነው አሉኝ። ዓይኑ... አልኩ። ትልቅ ነው አልኩ። ቀጥዬ ትልቅ መሆኑን ተጠራጠርኩ። አፍንጫውስ አሉ። ፊቱ የለም። ሃያ ዓመት ከአንድ ትሪ የበላሁት ልጅ ፊቱ ከጭንቅላቴ ወጥቷል፤ እሳቱ እዚያም ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት አሰሳውም አልሰጠኝም።

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «እኔ ብስለው የማታውቂው ሰው ነው የሚወጣው» አሉኝ። «ፊቱ ከጠፋሽ ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ልኩን» አልኳቸው።

«እንግዲያው ልኩን ሳዪ።»

ሁለት የሲሚንቶ ወረቀት በሊጥ አጣበቅን። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ከሰሉን በጡጫዬ ጨበጥኩ። አንገቱን፣ የጀርባውን ርዝመት፣ የእጅጌውን፣ የሱሪውን ልክ ሜትር ሳልይዝ አወቅኩት። ሕፃን ሆኖ ከአጥር ላይ ወድቆ አጥንቱ ተጣሞ ስለገጠመ ቀኝ ትከሻው ሁለት ጣት ዝቅ ይል ነበር። ኮት ስሰፋለት በዚያ በኩል ጥጥ እደብቅበታለሁ፤ ከኔና ከእናቴ በቀር ማንም አያውቅም። አሁን ጥጥ አላደረግኩለትም። መስመሩ እዚያ ትከሻ ላይ ደርሶ ዝቅ ሲል፣ ያ ጥበቃ ትዝ አለኝ፤ መቀሱ ለምን እንደከበደኝም ገባኝ። ወረቀቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሽማግሌው ተነስተው በሩን ዘጉልኝ። ፊቱን ባዶ ተውኩት።

ጠቅልዬ ወደ ቤት ስሄድ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ፍተሻ ነበር። አንድ ሌላ ጥበቃ ጥቅሉን አስፈታኝና ምንድን ነው አለ። የካፖርት ቅድ ነው፣ ልብስ ሰፊ ነኝ አልኩት። ዘረጋው፣ አየው፣ ባለቤቱ ጎባጣ ነው እንዴ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩለት። በሕይወቴ ብዙ ያሳፈረኝ ነገር አለ፤ ያን ሳቅ የሚያህል ግን የለም።

ቤታችን ከውቤ በረሃ ጀርባ ነው። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ምስር ትለቅማለች። ዕቃውን ወዲያ ገፍቼ ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። ምን ብዬ እንደምጀምር አላሰብኩም ነበር፤ ማሰብም አላስፈለገኝም። ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች፣ ዞረችው፣ ጎንበስ ብላ ጣቷን ቀኝ ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«ልጄ ነው» አለች። ቀጠለችና፣ «ፊቱስ?»

የወረቀቱን ጫፍ አቃናሁ።

«ፎቶውን አስመጪና እያየሽ ሙዪው እንጂ።»

ሌላ ውሸት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አክስቴ ልትመጣ ነው ልላት ነበር። ግን የሷ ጣት ትከሻው ላይ ነው።

«ፎቶ የለም፣ እማዬ። አቃጥዬዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ጣቷን ከትከሻው ላይ አነሳች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «የክርስትናውንም?» አለችኝ።

የክርስትናው ፎቶ ላይ የሰማንያ... አይ፣ ወንድ ነውና የአርባ ቀን ልጅ ነው፤ እሷ አቅፋዋለች፣ ዓይኑን ጨፍኗል። በሱ ማንም ሊያስረን አይችልም ነበር።

«የክርስትናውንም» አልኳት።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትመታኝ ደስታዬ ነበር። ሄዳ መስኮቱን ዘጋች። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጊው አለችኝ፤ ከፍ አደረግኩት፣ የሰልፍ መዝሙር ነበር። ነጠላዋን አውልቃ ወገቧን ታጠቀችና ወረቀቱ አጠገብ ተንበረከከች። በመዝሙሩ ሥር ሆና በስሙ እየጠራች አለቀሰችለት። አንተ ያልተቀበርከው፣ አንተ ያልተገነዝከው ትለዋለች። ደረቷን ስትመታ እጇን ልይዝ ተጠጋሁ። ሳታየኝ በክርኗ ገፋችኝ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ሬዲዮኑን ጠበቅኩ። ዜና ሲጀምር ድምፁ ስለሚቀንስ፣ እሷም አብራ ድምፅዋን ቀነሰች።

ከዚያ በኋላ ፎቶ ብላ አልጠየቀችኝም። መረቀችኝ ያልኩትን ምርቃትም አልደገመችልኝም። ወረቀቱን አጥፋ ፍራሿ ሥር አኖረችው፤ ስትሞት አብሬ ቀበርኩላት።

እኔ እሷ ባለቀሰችለት ማግስት ሥራ ገባሁ። የዚያ ትከሻው ዘንበል ያለ ልጅ እግር ጥበቃ ካኪ ሳይቆረጥ ጠረጴዛው ላይ እየጠበቀኝ ነበር። መቀሱን አነሳሁ፤ ጣቶቼ ታጠፉ። ሊቀመንበሩ እሰይ ዳንሽ አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ቆረጥኩለት።