የአደራ ድንች

ልጅ ሳለሁ የዓመቱ ጭንቀት የሚጀምረው በመጋቢት ነበር። ማሳው የአባቴ ነው፤ ስለ ማሳው የሚጨነቀውም እሱ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለው ጓሮ ግን የሴቶች ነበር። የጎተራው ገብስ ተሟጦ ክረምቱ ሲጠና ዐይናችን የሚያርፈው በጓሮው ድንች ላይ ስለሆነ፣ እናቴ ማለዳ በሩን ከፍታ ሰማዩን ሳትመረምር ፊቷን እንኳ አትታጠብም ነበር። መንደራችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ነው። ከጫግኒ ቆላ በኩል የሚነሣው ደመና ዝናብ ይያዝ በረዶ ይያዝ ሳያስታውቅ ነው ከላያችን የሚደርሰው።

በጃንሆይ ዘመን ካለፉት በልጎች ሁሉ አንዱን አልረሳውም። በዚያ መጋቢት እናቴ ወንድሜን ወልዳ አራስ ነበረች፤ ስለዚህ የጓሮው ሥልጣን በአባቴ ታላቅ እህት በእማሆይ ስመኝ እጅ ገባ። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ዓለምን ንቄያለሁ ይላሉ፤ ድንችን ግን አልናቁም። ማለዳ ጸሎታቸውን አድርሰው ይወጡና ጃርት የሸነቆረውን የቀርከሃ አጥር ይጠግናሉ፣ ከበረት ፍግ አምጥተው ይበትናሉ፣ ለተባይ ብለው ጎመኑ ላይ አመድ ይነሰንሳሉ፤ እኔም ከኋላ ከኋላቸው። ደመና ባዩ ቁጥር ቀና ብለው በአገውኛ አንድ ነገር ያጉረመርማሉ። ምን እንዳሉ ስጠይቃቸው «ከእሱ ጋር ነው የማወራ፤ አንቺ ፍግሽን በትኚ» ይሉኛል።

ማታ ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። እራት ተበልቶ ፍሙ ሲቀላ፣ ከአልጋ ሥር ሣር ላይ ተደርድሮ የከረመውን የዘር ድንች በእንቅብ ያወጡና እያንዳንዱን ወደ ኩራዙ እያስጠጉ ይመርጣሉ፤ በደንብ የጎነቆለው ለብቻ፣ የለሰለሰው ለብቻ፣ ጭርምትምት ያለው ለድስት። ተረት የሚያወሩት እጃቸው ይህን ሲሠራ ብቻ ነው። በአገውኛ ይጀምሩና፣ ከቡሬ በኩል ተድራ ለመጣችው፣ ከአማርኛ ሌላ ለማታውቀው እናቴ ሲሉ መሀል ላይ ወደ አማርኛ ይሻገራሉ። ያኔ ጭሱ ከጣራው ሥር እንደ ተንጠለጠለ፣ ጥላቸው ከነቆባቸው ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ፣ እኔ ጉልበቴን አቅፌ በፍርሃትም በደስታም እሰማቸው ነበር።

በረዶ፣ ይሉ ነበር እማሆይ፣ የንጉሥ ልጅ ነው። ሚዜዎቹን አስከትሎ ይመጣል፤ ኩሩ ስለሆነ በአንድ መንገድ ብቻ ያልፋል እንጂ ግራ ቀኙን አያይም። ከዕለታት አንድ ቀን በሁለት ሴቶች ጓሮ ላይ አለፈ። አንዷ ዘሯን ሁሉ በገዛ አጥሯ ውስጥ ቀብራ አጥሩን ከጣራዋ በላይ አስረዝማው ነበር። ሁለተኛዋ አጥሯም አጭር ነው። ሁለቱንም ረግጦ ሄደ። በዓመቱ ሊሳለቅባቸው ተመልሶ ቢመጣ የመጀመሪያዋ ቤት በሩ ተዘግቷል፤ ከጣራው ጭስ አይወጣም። የሁለተኛዋ ይጨሳል። ተቆጥቶ «ምን ቀርቶልሽ ነው?» ቢላት «አንተ ያላየኸው» አለችው። ያላየው በሰው ጓሮ ያስቀመጠችውን ነበር። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ወደ ሣር ክዳኑ ቀና ብዬ የሚዜዎቹን ኮቴ አዳምጥ ነበር።

ተረት ብቻም አልነበረም። በእኛ አገር የጓሮ ዘር ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ አይተከልም። አንዷ ሴት ከዘሯ ከፍላ ለሌላዋ ትሰጣለች፣ የዚያችንም ተቀብላ በራሷ ጓሮ ትተክላለች፤ እንደ ራሷ አርማ፣ እንደ ራሷ ሥሩን አፈር አስታቅፋ፣ ሲደርስ ቆፍራ ለባለ ዘሯ ትመልሳለች። የአደራ ዘር ይባል ነበር። ሰው አደራውን የሚሰጠው ለሚወደው ጎረቤት ነው፤ እናቴም ከበላያችን ላለችው የክርስትና እናቴ መስጠት ለምዳለች። በዚያ ዓመት ግን እማሆይ ምርጥ ምርጡን ድንች በትንሽ ቅርጫት ለይተው «ይሄ ለየሺ ነው» አሉ።

እናቴ ከተኛችበት ብድግ አለች። የሺ ከወንዙ ማዶ የምትኖር ሴት ናት፤ ዶሯችን የነጭ ሽንኩርት መደቧን ጭራባት በድንጋይ ገድላታለች፣ እናቴም አፏ የፈቀደላትን ሁሉ ብላታለች። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንኳ ሰላምታ የላቸውም።

«ለእሷ? እማሆይ፣ ከጠፋ ዘመድ?»

«እኔ ዘመድ መች ፈለግሁ፤ ማዶ ነው የፈለግሁ» አሉ እማሆይ፤ ድንቻቸውን ከመምረጥ አላቋረጡም። «ከወንዙ ወዲህ ያለነ ሁሉ አንድ መንገድ ላይ ነን። ቢመጣ አብሮ ነው የሚወስደን።»

በማግሥቱ ቅርጫቱን ተሸክሜ አብሬያቸው ሄድኩ። የሺ ረጅም፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶ ልጆቿን ለብቻዋ ታሳድጋለች። ቅርጫቱን አየች፣ እማሆይን አየች፣ «ይሁን» ብላ የራሷን ዘር አምጥታ ሰጠችን። እኔ ስንመለስ ዶሯችንን የገደለችበት ድንጋይ እሷንም እንዲመታት ተመኝቼ ነበር።

ዝናቡ ዘግይቶ በሚያዝያ መጣ፤ ድንቹም ደህና በቀለ። በግንቦት እኔና እማሆይ አፈር አስታቅፈን ጨርሰን እጃችንን ሳንታጠብ ደመናው ከጫግኒ በኩል ተነሣ። ጠቁሮ አልነበረም፤ ነጥቶ ነው የመጣው። እማሆይ ቀና ብለው አዩና እንደ ወትሮው ሳያጉረመርሙ እጄን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ። ወዲያው ጣራው መጮኽ ጀመረ፤ እናቴ ሕፃኑን በደረቷ ሸሽጋ እግዚኦ ትላለች፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታየኛል።

ሲያባራ ወጣን። ጓሮው ጨው የተደፋበት ይመስል ነጭ ነበር። ከድንቹ ቅጠል የሚባል አልቀረም፤ ጎርፉ መደቡን ሸርሽሮ ዘሩን ከአፈሩ አውጥቶታል። እማሆይ አንዱን አንሥተው በነጠላቸው ጠረጉትና መልሰው አስቀመጡት፤ ከዚያ እጄን ይዘው ቁልቁል ወደ ወንዙ ወሰዱኝ።

ያየሁትን ለማመን እስከ ዛሬ ይቸግረኛል። በረዶው እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ መጥቶ እዚያው ቆሟል። ወንዟ ልጅ የሚዘልላት ናት። ከእሷ ወዲህ የእግሬ ጣቶች በብርድ ደንዝዘዋል፤ ከእሷ ወዲያ ሣሩ ደረቅ ነው፣ የየሺ ድንች ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ዶሮዎቿ እንኳ ከደጅ አልገቡም። ተረቱን እውነት ነው ብዬ ያመንኩት ያኔ ነው። የሺ እጇን በራሷ ላይ ጭና ከጓሮዋ ቆማለች። የምታየው ወደ እኛ ነው፤ የእሷ አደራ የነበረው እዚህ ነበርና።

ጭንቀቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ አደራ በእሷ ጓሮ ቆሟል፤ የእሷ በእኛ ጓሮ በስብሷል። አባቴ «ተካክሰናል፤ የሰው አጥፍቶ የራስን አምጪ ማለት ነውር ነው» አለ። መንደሩም እንደዚያው አለ። የሺ ሁሉንም ብታስቀር የሚወቅሳት አልነበረም። እናቴ «ደስ ይበላት» አለች፤ እማሆይ ደግሞ «አደራ ይመለሳል እንጂ አይጠየቅም» አሉ። ክረምቱ ከባድ ነበር። ገንፎው በሳምንት አንድ ጊዜ ሆነ፣ ሌላውን ቀን ጎመን፤ የእናቴ ወተት እያነሰ ሄዶ ወንድሜ ጡቷን እየለቀቀ ያለቅስ ጀመር። እኔ ውኃ ስቀዳ ዐይኔ ማዶ ነው። የእኛ መደብ የትኛው እንደሆነ አውቀዋለሁ።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን የሺ ያንን መደብ ስትቆፍር አየኋት። ድንቹን አራግፋ፣ በቅርጫት ሞልታ፣ ወደ ቤቷ አስገባችው። ቤት ገብቼ ተናገርኩ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ አባቴ የሚስል አስመስሎ ወጣ።

በማግሥቱ በዶፍ ዝናብ በራችን ተንኳኳ። የሺ ናት፤ እንቅብ በራሷ ተሸክማ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። እንቅቡን ደፉ ላይ አወረደችው። ድንቹ ተመርጦ ተጠርጓል፤ ጭርምት የለበትም። እማሆይ አዩትና «የሺ፣ ያንቺ እኮ እኛ ጋ ነው የጠፋው፤ ልጆችም አሉሽ። ግማሹን መልሰሽ ውሰጂ» አሏት።

«የእኔን በረዶ በላው» አለች የሺ። «የእናንተን እኔ አልበላም፣ እማሆይ።»

ነጠላዋን ጨምቃ ልትመለስ ዞረች። ያኔ እናቴ ተነሣች። ዓመት ሙሉ ያላናገረቻትን ሴት «ዝናብ ነው እኮ፣ ግቢ እንጂ!» ብላ ጮኸችባት፤ ቁጣ ነበር የሚመስለው። የሺ ገብታ እሳቱ ዳር ተቀመጠች። እናቴ ድስቱን ልትጥድ እጇ ስላልተመቸ፣ በእቅፏ ሆኖ የሚያለቅሰውን ወንድሜን የሺ ጭን ላይ አስቀመጠችው፣ የሺም በእርጥብ ክንዷ አቀፈችው።

ከዚያ ወዲህ በረዶን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዴም የደረሰ ስንዴዬን አጭዶብኛል። በረዶ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን መንገዱን ነው የሚሄደው፣ ሌላ ምርጫ የለውም። የሺ ግን ምርጫ ነበራት። የተራቡ ልጆች ነበሯት፣ መንደሩ ሁሉ ፈቅዶላት ነበር፣ እኛም ተስፋ ቆርጠን ነበር። ሰው ይህን ያህል ትልቅ ሊሆን እንደሚችል ያየሁት በዚያ ዝናብ ነው፤ አሁን በእርጅናዬም ስለ እሷ ሳወራ ድምፄ ዝቅ ይላል።