ያልቀመስኩት ክሮሳን

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣ የወንድሜ ልጅ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ወደተከፈተ አዲስ ካፌ ወስዶ ሻይ ጋበዘኝ። አስተናጋጇ ክሮሳን እንዳለ ነግራው «የጾም ይሁን የፍስክ?» ብላ ስትጠይቀው፣ ልጁ ዞር ብሎ አየኝና «ጎንደርም ክሮሳን ጀመረች እንዴ?» አለኝ። ጀመረች እንዴ! ደሜ ፈላ። ልቆጣው አሰብኩና ጋባዤ ነው ብዬ ተውኩት። ሻዬን ጠጥቼ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ግን ከእኔ ጋር አይሄድምና ይኸው ለእናንተ ላውጋችሁ።

የተወለድኩት አምባ ጊዮርጊስ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ጎንደር ዳቦ ቤት የነበራት አክስቴ ይርገዱ «እኔ ዘንድ ትምጣ» ብላ ወሰደችኝ። ምላሴ ከልጅነቴ የታወቀ ነው። ሰው ቤት ወጥ ቀምሼ በርበሬው የማን እንደሆነ እናገር ስለነበር እናቴ እንዳላሳፍራት በጠረጴዛ ሥር ትቆነጥጠኝ ነበር። አክስቴ ግን ይህን ምላሴን ወደደችው። እርሾው ሲያልፍበት፣ ዱቄቱ ሲሻግት፣ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

በዓመቱ ሰፈራችን ውስጥ በማሽን የሚጋግር ትልቅ ዳቦ ቤት ተከፈተና ደንበኛችን ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። የእኛ ምድጃ ባዶውን ሲነድ ይውል ጀመር። አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም፤ ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ሁለታችንም ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ገጠር መመለሳችን ነው። በዚህ መሃል ጋሼ መኳንንት የሚባሉ የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ ፈረንጆቹ ጠዋት ጠዋት ክሮሳን እንደሚጠይቋቸው፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚያስመጡትም ደርቆ እንደሚደርስ አጫወቷት። የገና እንግዳ ከመግባቱ በፊት ልክ እንደ አዲስ አበባው አድርጋ ከሠራች ዓመቱን ሙሉ ከእሷ እንደሚወስዱም ቃል ገቡላት። አክስቴ ክሮሳን የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። «እሠራለሁ» አለቻቸው። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች።

ኅዳር እንደገባ፣ የነቢያት ጾም ሳይይዘን፣ አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ አዲስ አበባ ወረድን። የጎጃም ጤፍ ገና አልታጨደም፤ መንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ነበር። ጋሼ መኳንንት ክሮሳኑን ወደሚያስመጡበት ኬክ ቤት የምንሄድበትን ቀንም አክስቴ መርጣ ነው፤ ረቡዕና ዓርብን ሸሽታ ሐሙስ። እንዲህ ያለ ግርግር በዳቦ ቤት አይቼ አላውቅም። ሰው ቆሞ ይበላል፣ በሰው ትከሻ ላይ ትሪ ያልፋል፣ የቅቤውና የቫኒላው ሽታ እስከ አስፋልቱ ይመጣል። እኛ የምናውቀው ቦምቦሊኖና ብስኩት ነው። አክስቴ መስታወቱ ፊት ቆማ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ እንዲሰጣት አዘዘች። አስተናጋጁ ለስንት ሰው እንደሆነ ቢጠይቃት በአገጯ እኔን አሳየችው።

ጠረጴዛው ሞላ። ክሬም የታጨቀበት ኤክሌር ነበር፤ በስስ በስሱ ተነባብሮ መሃሉ ክሬም የተቀባ ነበር፤ ላዩ ላይ እንጆሪ የተደረደረበትም ነበር። አጠገባችን የተቀመጡ ወጣቶች በእኛ ሲሳሳቁ ሰማሁ። ይሳቁ። አክስቴ «ቶሎ አትዋጪ፣ እያሰብሽ ብዪ» ስትለኝ እያሰብኩ በላሁ። ክሮሳኑን መጨረሻ ላይ አቀረበችልኝ። ስነክሰው ተንኮሻኮሸ፤ ፍርፋሪው ቀሚሴ ላይ ረገፈ። ከዚያ ውስጡ ለስላሳ ሆነ፣ ቅቤው መጣ፣ ጣዕሙ አፌን ሞላው፤ ቅቤው ራሱ ግን ወዲያው የት እንደገባ አላወቅሁም። እንዴት እንደዚያ ያደርጋል ብዬ ደግሜ ነከስኩ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አክስቴ ደግሞ ከተረፈኝ ክሮሳን ምንም አልበላችም። ንብርብሩን በጥፍሯ እየላጠች፣ ጣቶቿን እያሻሸች ቅቤውን ትመረምር ነበር። ኋላ አስተናጋጁን ምድጃውን እንዲያሳየን ለመነችው። ኃላፊው መጣ። ከየት እንደመጣን ጠይቆ፣ በትሕትና፣ «እናቴ፣ ይሄ ጎንደር አይሠራም። ማሽን ይፈልጋል፣ ባለሙያ ይፈልጋል» አላት። አክስቴ እጇን በሶፍት ጠርጋ፣ አመስግናው ተነሣች። መናደዷን የማውቀው ግን እኔ ነኝ።

ጎንደር ተመልሰን ሞከርን። ሊጡን ዳመጥን፣ ቅቤ ቀባን፣ አጠፍን፣ እንደገና ዳመጥን። ምድጃ ሲገባ ቅቤው ፈስሶ ትሪው ላይ ተኛ፤ የወጣው ነገር ዳቦም አይደል ክሮሳንም አይደል። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ለጎረቤት ልጆች አደልነው። እንዲህ ስንል ጾሙ ገባ።

ያኔ ነው የገባንበት ነገር የገባን። ቅቤ መንካት ምንም አይደለም፤ መቅመስ ግን እንዴት ተደርጎ? አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፍና ነበር ምድጃውን የምትከፍተው። አዲስ አበባ ድረስ የተጓዘው ምላሴ ሥራ ፈታ። ገና እስኪመጣ ብንጠብቅ ደግሞ እንግዳው ቀድሞን ይገባል።

የዳንነው በእታለም ዘይነባ ነው። እታለም ዘይነባ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከዳቦ ቤታችን ጋር ግድግዳ ይጋራል። እስላም ስለሆነች የእኛ ጾም አይይዛትም። ከሁሉ በላይ ግን ለይሉኝታ ብላ የማትናገር ሰው ናት፤ ሙሽራ ለክታ «ወፍረሻል፣ ጨርቅ ጨምሪ» የምትል። ጉዳያችንን ስነግራት መቀሷን አስቀመጠች።

«እናንተ ልትለፉ፣ እኔ ልበላ? ሸጋ ሥራ አገኘሁ» አለችኝ።

ችግሩ እሷም ክሮሳን በልታ አታውቅም። ትዝታው ያለው እኔ ዘንድ፣ አፉ ያለው እሷ ዘንድ። መጀመሪያ ጊዜ ቀምሳ «ይጣፍጣል» አለችኝ። መጣፈጡን አልጠየቅኳትም። ስትነክሰው ምን እንዳለ፣ መጀመሪያ ምን እንደመጣ፣ ስትውጠው አፏ ውስጥ ምን እንደቀረ አንድ በአንድ ጠየቅኳት። ዓይኗን ጨፍና ደግማ ነከሰች። ከላይ እንደተሰበረ፣ ከሥር ግን ሊጥ ሊጥ እንደሚል፣ ቅቤው ላንቃዋ ላይ እንደ ሻማ ተለጥፎ እንደቀረ ነገረችኝ። የአዲስ አበባው አልተለጠፈም። ስለዚህ ቅቤው ምድጃ ሳይገባ ነው እየቀለጠ ከሊጡ ጋር የሚደባለቀው ማለት ነው። ሐኪም በሽተኛ እንደሚጠይቅ ጠይቄ ደረስኩበት፤ መድኃኒቱ ብርድ ነው።

ለብርድማ ማን ከእኛ ሊበልጥ! በታኅሣሥ ጠዋት አምባ ጊዮርጊስ ቅቤ ቅሉ ውስጥ ድንጋይ ነው የሚሆነው። ለአባቴ ላክሁበትና ለጋ ቅቤ በጠዋቱ አውቶቡስ ይልክልኝ ጀመር። እኛም ቀን መሥራቱን ትተን፣ ጎህ ሲቀድ ጠረጴዛውን ግቢ ውስጥ አውጥተን፣ እጃችንን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እየነከርን እንዳምጥ ነበር። ጣቶቼ ደንዝዘው የልብሴን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኝ ነበር። አክስቴም «ብርዱ ሲያልቅብን ምን ልንሆን ነው?» እያለች ትቀልድ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት እታለም ዘይነባ እንደ ልማዷ ሱቋ በር ላይ ቆማ ነከሰች። እንዴት ነው አልኳት።

«ከላይ ጮኸ» አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጠፋ።»

«ምኑ?»

«ቅቤው። ብፈልገው የለም። ጣዕሙ ግን ይኸው፣ አለ።»

መንገድ ላይ ነበር ያቀፍኳት። አልቅሻለሁም።

ጋሼ መኳንንት ዘንድ ትሪውን ይዘን ስንሄድ ሌላ ጉድ ጠበቀን፤ እሳቸውም ጾመኛ ናቸው። አንዱን ቆርሰው ንብርብሩን አዩ፣ አሸተቱ፣ መልሰው አስቀመጡት። ማን እንደቀመሰው ጠየቁን። እውነቱን ነገርኳቸው፤ የቀመሰችው ክሮሳን በልታ እንደማታውቅ፣ በልታ የምታውቀው ደግሞ እንዳልቀመሰች። ሳቃቸው መጣና፣ «ታዲያ ልጄ፣ እኔ ማንን ልመን?» አሉኝ።

አክስቴ ልትመልስላቸው ስትል ቀደምኳት። «ሁለታችንንም ይመኑ» አልኳቸው። «የእሷ አፍ አይዋሽም፣ የእኔ ምላስ የበላውን አይረሳም።»

ያን ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ጋሼ መኳንንት ትሪው ወደ እንግዶቹ ቁርስ እንዲገባ አዘዙ። እኛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመን ጠበቅን። አክስቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እየጸለየች ነው። አስተናጋጁ ትሪውን ባዶውን ይዞ ተመልሶ፣ እንግዶቹ ሌላ እንደሚፈልጉ ነገረን። ምድጃችን ከዚያን ቀን ወዲያ ባዶውን ነድዶ አያውቅም።

የገና ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ከዶሮው በፊት፣ የራሴን ክሮሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ነከስኩ። ሁሉም ነገር እታለም ዘይነባ እንዳለችው ነበር። ምንም አልጨመረች፣ ምንም አላጎደለች። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ በእኔም፣ በእሷም፣ በአክስቴም።

ጥምቀት ሳያልፍ ረመዳን ገባ። እታለም ዘይነባ በረመዳን ለማፍጠሪያ የሚሆን የምስር ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጣለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቃችን ገብታ ሳህን ፊቴ አስቀመጠች። «ተራሽ ነው፣ ጨውን ንገሪኝ» አለችኝ። እኔም ይሉኝታ ሳልይዝ፣ ጨው እንዳነሰውና ቃሪያው እንደበዛ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት እንዲህ ተቀማመስን።

አክስቴ አሁን የለችም፤ ነፍሷን ይማር። ዳቦ ቤቱን የያዝነው እኔና ልጄ ነን። እታለም ዘይነባ ዓይኗ ስለደከመ መስፋቱን ትታለች፣ ጠዋት ጠዋት ግን ምድጃው አጠገብ መጥታ ትቀመጣለች። ዘንድሮ የእኛ ዐቢይ ጾምና የእነሱ ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። ከካፌው በተመለስኩ ማግስት ልጄ ለሆቴሉ የሚሄደውን ትሪ ከምድጃ አውጥታ እኔን አየች፣ እታለም ዘይነባን አየች፣ ግራ ገባት። «እማ፣ ዛሬ ማን ይቅመስልን?» አለችኝ።

እታለም ዘይነባ እጇን ዘረጋችና አንዱን አነሣች። በጣቷ ጫን አድርጋ፣ ጆሮዋ ሥር ይዛ ሰበረችው። ለእኔ ግማሹን ሰጠችኝ፤ እኔም አሸተትኩት፣ በጣቶቼም መካከል አሸሁት።

«ላኪው» አልናት፣ እኩል።

ላከችው።