ርብ ዳር የቆጠርነው አርባ

ባለቤቴ ካረፈ አምስት ወር አልፎ ነበር። ጥምቀት ወጥቷል፣ ነነዌ ገና አልገባችም። ደብረ ታቦር ላይ በዚያ ሰሞን ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያነጋው። ጓደኛዬ ሳልጠራት መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

“ተነሺ፣ ዓሣ ልናጠምድ ነው።”

አብረን ነው የተማርነው። እኔ መምህርነት ስገባ እርሷ ዐረብ አገር ሄደች። አሠሪዎቿ በየሳምንቱ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ልጆቻቸውን እንድትጠብቅ ይወስዷት ስለነበር ማጥመድን እዚያ ተማረች። ስትመለስም ሌላው ሰው ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን ይዞ ሲመጣ እርሷ ተጣጣፊ የማጥመጃ ዘንግ ይዛ መጣች።

“ጥቁር ለብሼ ዓሣ ሳጠምድ ሰው ምን ይላል?” አልኳት።

“ቤት ብትቀመጪስ ዝም ሊል ነው? ጫማሽን አጥልቂ።”

በሚኒባስ ጥቂት ሄደን ቀሪውን በእግራችን ወደ ርብ ግድብ ወረድን። ውሃው ዝም ብሎ ተኝቷል። ማዶ ሁለት ሰዎች በጀልባ መረብ ይጥላሉ፤ ድምፃቸው ይሰማል፣ የሚሉት ግን አይለይም። እርሷ መንጠቆው ላይ ትል ሰክታ ወረወረችና ክሩ ላይ የታሰረው ቡሽ ውሃው ላይ ተንሳፎ ቆመ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሆነም። ፀሐይዋ ወጥታ ጀርባችንን ብታሞቀውም እግራችን እንደቀዘቀዘ ነበር። አንድ ሰዓት፣ ምናልባትም ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። እርሷ ቡሹን ታያለች። እኔም የማየው ቡሹን ነበር፣ ግን ምን እንደምጠብቅ ይጠፋብኝና እንደገና ትዝ ይለኛል። እርሱ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ድስት ጥጄ ደጅ እወጣለሁ፤ ደጅ ስወጣ ለምን እንደወጣሁ አላውቅም።

“ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው?” አለችኝ ጓደኛዬ፣ ዝምታው ሲሰለቻት ጊዜ።

“የማን?”

“የማን ትላለች ደግሞ።”

በጣቶቼ አንጓ መቁጠር ጀመርኩ። ያረፈው በነሐሴ አጋማሽ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ከነሐሴ ወደ መስከረም ስሻገር እጄን ያዘችኝ።

“ጳጉሜንስ?”

“ምን ሆነች?”

“ዘለልሻት እኮ።”

ዘልያታለሁ። መጀመሪያ የታየኝ ይኸው ብቻ ነበር፤ ልደግመው ስል ግን አርባው ትዝ አለኝ። የአርባውን ቀን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ዘመዶች መቼ እንደሚውል ሲጠይቁኝ፣ አርባ ማለት አንድ ወር ከአሥር ቀን ነው ብዬ ነገርኳቸው። ሁሉም ተቀበለኝ፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ሒሳብ ነዋ። የንስሐ አባታችንም ይሁን አሉ። አምስቷን ቀን ያሰባት ሰው አልነበረም።

ጠጠር ለቀምንና አሸዋው ላይ ደረደርን። አንድ ጊዜ አምስት ቀን አዘግይተናል፣ አንድ ጊዜ ስድስት። ያረፈበት ቀን ይቆጠራል አይቆጠርም በሚለው አልተስማማንም። እንደገና ደረደርን። ነፍስ በአርባኛው ቀን ማረፊያዋ ይታወቃል ሲባል ነው የሰማሁት፤ ፍትሐቱም ለዚያ ቀን ነው። እንግዲህ እርሱ በዚያ ለፍርድ ሲቆም ከኋላው የሚጸልይለት ሰው አልነበረም ማለት ነው? ወይስ እዚያ ቀን እንደኛ አይቆጠርም?

“እውነተኛው አርባ በዋለበት ቀን ምን እያደረግሁ ነበር?” አልኳት። “የመስቀል ሰሞን ነው።”

አሰበች። “ተኝተሽ። ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ አልወስድሽ ብሎ፣ በሩን ዘግቼ ያስተኛሁሽ ቀን መሰለኝ። እስከ ማታ ነው የተኛሽው።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“አይደለሁም።”

አንድ ሽማግሌ ገበሬ አህያቸውን ውሃ ሊያጠጡ መጡ። ዘንጉን አዩ፣ ጠጠሩን አዩ፣ እኛን አዩ።

“ምነው፣ ዓሣው እምቢ ቢላችሁ ገበጣ ገባችሁ?”

“ደህና ዋሉ አባቴ። እየቆጠርን ነው።”

“ያልተያዘ ዓሣ ምኑ ይቆጠራል?”

ጓደኛዬ ሳቀች። እኔ ግን ጠየቅኋቸው። “አባቴ፣ ቀን ሲቆጠር ጳጉሜን ትገባለች?”

“ላሜ የምትወልድበትን ስቆጥር ጳጉሜንን ብዘልላት ጥጃው ይጠብቀኛል?” አሉና ልብሴን አስተዋሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ለማን ነው የምትቆጥሪው ልጄ?”

“ለባለቤቴ። አርባውን አሳስቼው ነው።”

አህያው ጠጥቶ ሲጨርስ ገመዱን ሳቡ። “እግዜር ያጽናሽ” አሉኝ ሲሄዱ። ጥፋት ነው አላሉኝም፤ አይደለም ብለውም አላጽናኑኝም።

ከቀትር በኋላ ቡሹ ሰመጠ። ጓደኛዬ ጎትታ አንዲት መዳፍ የምታህል ቆረሶ ዓሣ አወጣች። ትንሽ አየቻትና መለሰቻት።

“ለርሷ ብለን ነው ቀኑን ሙሉ ስንንዘፈዘፍ የዋልነው” አለች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለንስሐ አባታችን እንዳልነግራቸው ለመነችኝ። “አርጅተዋል። ይሁን ያሉት እርሳቸው ናቸው፤ ልባቸውን ትሰብሪዋለሽ።” እውነቷን ነው። ግን ብተወው፣ ያልተጸለየው ሳይጸለይ ሊቀር ነው። ከመኪናው ስወርድ አልወሰንኩም ነበር፤ እግሬ ግን ወደ ቤታቸው ሄደ።

ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የማታ ፀሐይ ይሞቃሉ። መስቀላቸውን ተሳለምኩና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

“አባ፣ አርባውን አሳስተናል። ጳጉሜንን ሳንቆጥር ነው የቀረነው። ሰማንያውም እንዲሁ።”

በጣቶቻቸው ቆጠሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መሐል ላይ ጠፋባቸውና እንደገና ጀመሩ፤ ደግሞ ጠፋባቸው። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

“እኔም አላሰብኩትም ልጄ” አሉ። “ይቅር ይበለን። ነገ ጠዋት ፍትሐት አደርስለታለሁ። ድግስ የለም፣ ሰው አትጥሪ።”

“እሺ አባ።”

“ክርስትና ስሙን ማን ነበር ያልሽኝ?”

ሃያ ስድስት ዓመት የንስሐ አባታችን ናቸው። ሲቀበር የፈቱት እርሳቸው ናቸው። በአርባውም፣ በሰማንያውም ቆመው የጸለዩት እርሳቸው ናቸው። ታዲያ ያን ጊዜ ማንን ብለው ነበር የጸለዩት? ያን ጊዜ ያውቁት ነበር፣ ዛሬ ነው የጠፋቸው? ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸውን ሳይ፣ መልሱን እርሳቸውም የሚያውቁት አልመሰለኝም።

ስሙን ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ ደገሙት፣ ልክ ነበር። ሁለተኛ ሲደግሙት ግማሹ ሌላ ሆነ። ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁና፣ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው፣ ፊደሉን አጉልቼና አራርቄ ጻፍኩላቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡት። በትክክል አነበቡት።

“ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ አባ?” አልኳቸው።

“አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሳይነጋ” አሉኝ። “እኔ ስሳሳት ከጎኔ ሆነሽ ትነግሪኛለሽ።”