የገለባው ጥጃ

የከብት እርባታ ባለሙያው አዛናው ወደ ወረታ ከተማ ከተመደበ ወዲህ ያቺን ሴትዮ ሳያይ የዋለበት ቀን የለም። ትከሻዋ ላይ ውሃ ነክቶት የማያውቅ የወንድ ሸሚዝ ጣል አድርጋ፣ በገለባ የተሞላ የጥጃ ቆዳ ታቅፋ ወደ ላሟ ትሄዳለች። ጥጃው የሞተው ክረምት ላይ፣ ሜዳው ውሃ በተኛበት ሰሞን ነው። ላሟ ቆዳውን ስትልስ ወተቷን ትለቃለች፤ ሴትዮዋም ቶሎ ብላ ታልባለች።

አንድ ጠዋት አዛናው ቆም ብሎ አወጋት።

«ሽታው እኮ ነው፣ እናቴ። የጥጃዋ ሽታ ሲደርሳት ከአንጎሏ አንድ ቅመም ወደ ደሟ ይገባል። ወተቱን የሚያወርደው እሱ ነው።»

«ወይ ጉድ! አለማያ ድረስ የሄድከው ላም ጭንቅላት ውስጥ ልትገባ ነው?» ብላ ሳቀች። ቀጥላም፣ «ሰውስ አለው?» አለችው።

«አለው እንጂ። እናት ሁሉ አላት።»

ሳቋ ቆመ። አንድ ልጇን አምና ከይፋግ ገበያ አፍሰው ወደ ጦር ሜዳ ወስደውባታል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። የልጇን ሸሚዝ እጅጌ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«እሷስ ታድላ፣ ቆዳው አልከዳትም» አለች። «ይኼ ግን አሁን አሁን እኔን እኔን መሽተት ጀመረ።»